ለደም ግፊት መድኃኒት ሙከራ ፈቃደኛ ልሁን ወይስ ይቅርብኝ? ከመፈረማችሁ በፊት ይህን አንብቡ



ሰሞኑን በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ነገር አለ። ከፊሎቻችሁ ከዚሁ ከአዲስ አበባ፣ ከፊሎቻችሁ ከዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ፣ ከፊሎቻችሁ ደግሞ ከእስራኤል ነው የምትጽፉት። ሐሳቡ ግን ተመሳሳይ ነው፦ «ዶክተር፣ እናቴ ግፊት አለባት። የምትታከምበት ሆስፒታል አዲስ መድኃኒት የሚሞከርበት ጥናት ላይ ትሳተፍ እንደሆነ ጠየቋት። ምን እንበል? ሰውን እንደ አይጥ መሞከሪያ ማድረግ አይደለም ወይ?»

አጭሩ መልሴ ይሄ ነው፦ ሳይጠይቁ «እሺ» ማለትም፣ ሳይሰሙ «እምቢ» ማለትም ልክ አይደለም። ጥሩ ጥናት ጥያቄ አይፈራም። ስለዚህ ዛሬ ጥናት ማለት ምን እንደሆነ፣ ጥቅሙንና አደጋውን፣ ከመፈረማችሁ በፊት ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ አንድ በአንድ እንየው። ትንሽ ይረዝማል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት (አንድ ስኒ ብቻ!)።

የምትውጡት ኪኒን ከየት መጣ?

የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት በፌብሩዋሪ 1945 እ.ኤ.አ. ግብፅ ውስጥ በመርከብ ላይ ከዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጋር ተገናኝተው ነበር። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ኤፕሪል 12 ቀን፣ ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈስሶ ሞቱ። በዚያች ዕለት የተለካው ግፊታቸው 300 በ190 ነበር። የልብ ሐኪም በቅርብ የሚከታተላቸው፣ የአንድ ታላቅ አገር መሪ ናቸው። ግን ለግፊታቸው የተገኘላቸው ሕክምና ዕረፍት፣ ጨው የቀነሰ ምግብና ማረጋጊያ መድኃኒት ነበር። ዛሬ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ የምታገኙት አምሎዲፒን ያኔ አልነበረም።

እንዲያውም በዚያ ዘመን «ግፊትን በመድኃኒት መቀነስ ራሱ ሊጎዳ ይችላል» ብለው የሚያምኑ ሐኪሞች ጥቂት አልነበሩም። ታዲያ ይህ አስተሳሰብ በምን ተለወጠ? በክርክር አይደለም። ፈቃደኛ በሆኑ 143 ሰዎች ነው።

አሜሪካ ውስጥ ኤድዋርድ ፍሪስ የሚባሉ ሐኪም በቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች ውስጥ አንድ ጥናት መሩ። የታችኛው ግፊታቸው ከ115 እስከ 129 የሆኑ 143 ወንዶች ተመርጠው በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። 73ቱ እውነተኛ የግፊት መድኃኒት፣ 70ዎቹ ደግሞ መድኃኒት የሌለበት ተመሳሳይ ኪኒን ተሰጣቸው። ውጤቱ በ1967 እ.ኤ.አ. ሲታተም መድኃኒት ካልወሰዱት 70 ሰዎች መካከል 27ቱ ከባድ ችግር ደርሶባቸው ነበር፤ 4ቱ ሞተዋል። መድኃኒቱን ከወሰዱት 73 ሰዎች መካከል ከባድ ችግር የገጠማቸው 2 ብቻ ናቸው፤ የሞተ የለም። ልዩነቱ ያን ያህል ግልጽ ስለነበር ጥናቱ በከፍተኛ ግፊት ላይ ባሉት ሰዎች ዘንድ እንዲቆም ተደረገ።

አንድ ነገር ልጨምር። ተመራማሪዎቹ ሰዎቹን ከመመደባቸው በፊት «ኪኒኑን በትክክል ይወስዳሉ ወይ?» ብለው ፈትነዋቸዋል። የሙከራ ኪኒኑ ውስጥ ሽንትን በልዩ መብራት ሲታይ የሚያበራ ቫይታሚን ጨመሩበት፤ በየቀጠሮው ደግሞ የተረፈውን ኪኒን ይቆጥሩ ነበር። ኪኒኑን እየጣለ «ወሰድኩ» የሚል ሰው ካለ ውጤቱ ሁሉ ይበላሻላ!

እንግዲህ ክሊኒካል ትራያል ወይም ክሊኒካዊ ሙከራ የምንለው ይህንን ነው። አንድ መድኃኒት፣ መሣሪያ ወይም የአኗኗር ለውጥ ይሠራል ወይ፣ ይጎዳል ወይ የሚለውን ፈቃደኛ በሆኑ ሰዎች ላይ፣ በተጻፈ ዕቅድና በቁጥጥር ሥር መመርመር ነው። ዛሬ ጠዋት የዋጣችሁት ኪኒን በዚህ መንገድ ያለፈ ነው።

አራቱ ደረጃዎች፦ እናንተ የተጠየቃችሁት የትኛውን ነው?

«ሙከራ» ስንል ሁሉም አንድ አይደለም። ደረጃ አለው፤ አደጋውም እንደ ደረጃው ይለያያል።

1ኛ ደረጃ፦ መድኃኒቱ በላብራቶሪና በእንስሳት ላይ ከተፈተሸ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው የሚሰጥበት ነው። በአብዛኛው በጥቂት አሥርታት የሚቆጠሩ ሰዎች ይሳተፋሉ። ጥያቄው «ሰውነት ይችለዋል ወይ? መጠኑስ ስንት ይሁን?» የሚል ነው። እርግጠኛ ያልሆነ ነገር የሚበዛው እዚህ ላይ ነው።

2ኛ ደረጃ፦ በመቶ በሚቆጠሩ ታካሚዎች ላይ «ግፊቱን በእርግጥ ይቀንሳል ወይ?» ተብሎ ይታያል።

3ኛ ደረጃ፦ በብዙ መቶና በሺዎች በሚቆጠሩ ሰዎች ላይ አሁን ካለው ሕክምና ጋር ይወዳደራል። መድኃኒቱ ፈቃድ የሚያገኘው ብዙውን ጊዜ በዚህ ውጤት ነው።

4ኛ ደረጃ፦ መድኃኒቱ ገበያ ከገባ በኋላ የሚደረግ ክትትል ነው። አልፎ አልፎ የሚታዩ ጉዳቶች የሚገኙት እዚህ ነው።

ብዙ የግፊት ጥናቶች ደግሞ አዲስ መድኃኒት ጨርሶ የለባቸውም። ሁላችንም የምናውቃቸውን መድኃኒቶች እርስ በርስ ያወዳድራሉ፣ ወይም «ግፊቱን እስከ ስንት እናውርደው?» ብለው ይጠይቃሉ። ስለዚህ የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ «ይህ ስንተኛ ደረጃ ነው? መድኃኒቱ አዲስ ነው ወይስ በአገልግሎት ላይ ያለ?» ይሁን። በዚህ አንድ ጥያቄ ብቻ ጭንቀታችሁ ግማሽ ሊወርድ ይችላል፣ ወይም በትክክለኛው ቦታ ሊጨምር ይችላል።

ለምን በዕጣ? ለምንስ ባዶ ኪኒን?

ብዙዎቻችሁን የሚያናድደው ይሄ ነው። «ታምሜ ሄጄ ባዶ ኪኒን ይሰጡኛል?» ትላላችሁ።

ግፊት ተንኮለኛ ቁጥር ነው። ሐኪም ፊት ይወጣል፣ ቤት ይወርዳል፤ ሰው «እየታከምኩ ነው» ብሎ ሲያስብ፣ ጨው ሲቀንስ፣ በየሁለት ሳምንቱ ሲለካ ብቻውን ይቀንሳል። አንድ ምሳሌ ላምጣ። በመድኃኒት አልወርድ ላለ ግፊት ወደ ኩላሊት የሚሄዱ ነርቮችን በደም ሥር ገብቶ በሙቀት የማቃጠል ሕክምና አለ። መጀመሪያ አካባቢ የተሠሩ ጥናቶች ተአምር የሚመስል ውጤት አሳዩ። ከዚያ በ2014 እ.ኤ.አ. ሲምፕሊሲቲ ኤችቲኤን-3 የተባለ ጥናት 535 ሰዎችን በዕጣ ከፈለ። አንዱ ቡድን እውነተኛውን ሕክምና፣ ሌላው ቡድን የማስመሰል ሕክምና አገኘ፤ ሕመምተኛው የትኛው እንደደረሰው አያውቅም። ከ6 ወር በኋላ የታከሙት የላይኛው ግፊት በ14 ገደማ ወረደ። የማስመሰሉ ቡድንስ? በ12 ገደማ! ምንም ሳይደረግላቸው!

ያ ጥናት ባይሠራ ኖሮ ስንት ሰው ባልተረጋገጠ ነገር ገንዘቡን ባፈሰሰ! ነገሩ በዚያ አላበቃም። ተመራማሪዎች መሣሪያውንና አሠራሩን አሻሽለው፣ እንደገና በዕጣና በማስመሰል ፈትነው፣ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በኖቬምበር 2023 እ.ኤ.አ. ሁለት መሣሪያዎችን ፈቀደ። ዕጣውና ባዶው ኪኒን የመጡት ሰውን ለማታለል አይደለም፤ ሁላችንም እንዳንታለል ነው።

ይሁን እንጂ ገደብ አለው። የታወቀና የሚሠራ መድኃኒት ባለበት በሽታ ከባድ ግፊት ያለበትን ሰው ለወራት ያለ ሕክምና መተው ዛሬ ተቀባይነት የለውም። በአሁኑ ጊዜ ባዶ ኪኒን የሚሰጠው ብዙውን ጊዜ ከመደበኛው መድኃኒት በተጨማሪ ነው፣ ወይም መለስተኛ ግፊት ላላቸው ሰዎች፣ ለአጭር ጊዜ፣ በቅርብ ክትትል ነው። «ባዶ ኪኒን ቢደርሰኝ የድሮ መድኃኒቴ ይቀጥላል ወይስ ይቆማል?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህችን ጥያቄ አትርሷት።

እኛ ከሌለንበት ማን ይወክለናል?

በ2002 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የታተመ ኦልሃት የሚባል ግዙፍ የአሜሪካ ጥናት አለ። ከ33 ሺህ በላይ ሰዎች ላይ ሦስት መድኃኒቶችን አወዳደረ፤ ክሎርታሊዶን፣ አምሎዲፒንና ሊሲኖፕሪል። ከተሳታፊዎቹ 35 በመቶ ያህሉ ጥቁር አሜሪካውያን ስለነበሩ ለብቻ ማየት ተቻለ። በእነሱ ላይ ሊሲኖፕሪል ግፊቱን የቀነሰው ባነሰ መጠን ነበር፤ ስትሮክም ከክሎርታሊዶን ጋር ሲነጻጸር 40 በመቶ በለጠ። ጥቁር ተሳታፊዎች ባይኖሩ ኖሮ ይህ ልዩነት በአማካዩ ውስጥ ተቀብሮ ይቀር ነበር።

(ጥንቃቄ፦ ኤናላፕሪል ወይም ሊሲኖፕሪል የምትወስዱ ይህን አንብባችሁ እንዳታቆሙ! ለኩላሊት፣ ለልብ ድካም ወይም ለስኳር ተብሎ የታዘዘበት ጥሩ ምክንያት ሊኖር ይችላል፤ ከሌላ መድኃኒት ጋር ሲጣመርም በደንብ ይሠራል። ጥያቄ ካላችሁ ሐኪማችሁን አነጋግሩ።)

አፍሪካ ውስጥስ? በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመው ክሪዮል የተባለ ጥናት በስድስት አገሮች፣ በካሜሩን፣ በኬንያ፣ በሞዛምቢክ፣ በናይጄሪያ፣ በደቡብ አፍሪካና በኡጋንዳ፣ 728 ጥቁር ታካሚዎችን አሳትፏል። ሁለት ሁለት መድኃኒት አጣምሮ ሲያወዳድር አምሎዲፒን ያለባቸው ጥምረቶች የተሻሉ ሆነው ተገኙ። በ2024 እ.ኤ.አ. ደግሞ ናይጄሪያ አቡጃ ውስጥ በ300 ሰዎች ላይ ሦስት መድኃኒት በትንሽ በትንሽ መጠን በአንድ ኪኒን ውስጥ የተጨመረበት ጥናት ታትሞ ጥሩ ውጤት አሳየ።

ከክሪዮል ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ እንደሌለች ልብ በሉ። ሐኪሞቻችን መድኃኒት ሲያዙላችሁ የሚመሩት በአብዛኛው ከሌላ አገር ሰዎች በተገኘ ማስረጃ ነው። ጎረቤት አገር ያለ ማስረጃ ይጠቅመናል፤ ግን የእኛ አመጋገብ፣ የእኛ ጾም፣ የደጋው ከፍታ፣ ሌላው ቀርቶ ደማችን ውስጥ ያለው ልዩነት መልሱን ይለውጠው እንደሆነ ማወቅ የሚቻለው እኛ ስንሳተፍ ብቻ ነው። ውጭ የምትኖሩም እንዲሁ። የጥናት ወረቀት ላይ «ጥቁር» ተብሎ የሚመዘገበው ሁሉ አንድ ዓይነት ሕዝብ አይደለም።

ፍርሃቱ ከየት መጣ? መሠረት አለው?

አለው። «ፈረንጅ ሊሞክርብን ነው» የሚለውን ሰው አላዋቂ አድርጌ አላየውም። አሜሪካ፣ አላባማ ውስጥ ተስኪጊ በተባለ ቦታ ከ1932 እስከ 1972 እ.ኤ.አ. የመንግሥት ጤና አገልግሎት 600 ያህል ጥቁር ወንዶችን ሲከታተል ነበር፤ 399ኙ ቂጥኝ ነበረባቸው። ምን እንደሚጠና በትክክል አልተነገራቸውም። ፔኒሲሊን ፍቱን መድኃኒት መሆኑ ከታወቀ በኋላ እንኳን ተከለከሉ። 40 ዓመት! ፕሬዚዳንት ክሊንተን በመንግሥት ስም ይቅርታ የጠየቁት በ1997 እ.ኤ.አ. ነው።

ዛሬ ያሉት ሕጎች የተጻፉት እንዲህ ባለ ግፍ ምክንያት ነው። ከናዚ ሐኪሞች ፍርድ በኋላ የ1947ቱ የኑረምበርግ ሕግ መጣ። የዓለም ሐኪሞች ማኅበር በ1964 የሄልሲንኪን መግለጫ አወጣ። ከተስኪጊ በኋላ ደግሞ አሜሪካ በ1979 የቤልሞንት ሪፖርትን አወጣች። የሁሉም ፍሬ ነገር በቀላል አማርኛ ይኸው፦ ማንም ሰው ሳያውቅና ሳይፈቅድ አይጠናበትም፤ ከጥናቱ ጥቅም ይልቅ የሰውየው ደኅንነት ይቀድማል፤ በፈለገ ጊዜ ይወጣል።

በአገራችን በአዲስ መድኃኒት ላይ የሚደረግ ሙከራ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልገዋል። ከዚያ በተጨማሪ የሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ ሰነዱን አንብቦ ማጽደቅ አለበት። ዩኒቨርሲቲዎችና እንደ አርማወር ሀንሰን ያሉ የምርምር ተቋማት የራሳቸው ገምጋሚ ኮሚቴ አላቸው። እስራኤል ያላችሁ ደግሞ በየሆስፒታሉ «የሄልሲንኪ ኮሚቴ» የሚባለው ይኸው ነው፤ ስሙ የመጣው ከላይ ካልኳችሁ መግለጫ ነው። አሜሪካ ያላችሁ፣ የስምምነት ሰነዱ ተሳታፊው በሚገባው ቋንቋ መቅረብ እንዳለበት ደንቡ ያዛል። እናታችሁ እንግሊዝኛ ካልቻሉ አስተርጓሚ የመጠየቅ መብት አላቸው። ልጅ ወይም የልጅ ልጅ እየተረጎመ በጥድፊያ ማስፈረም ተገቢ አይደለም።

እውነቱን እንነጋገር፦ አደጋውስ?

አደጋ የሌለበት ጥናት ቢኖር ኖሮ ጥናት አያስፈልግም ነበር፤ መልሱ ይታወቅ ነበር።

ስፕሪንት የተባለውን የአሜሪካ ጥናት እንይ፤ በ2015 እ.ኤ.አ. ታተመ። ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በላይ የሆኑ፣ ስኳር የሌለባቸው 9,361 ሰዎች በዕጣ ተከፈሉ። የአንዱ ቡድን የላይኛው ግፊት ከ140 በታች፣ የሌላው ከ120 በታች እንዲሆን ታክመው ተከታተሏቸው። ከ120 በታች በተባለው ቡድን 155 ሰዎች ሞቱ፤ በሌላው 210። ጥቅሙ ስለታየ ጥናቱ ከታሰበው ጊዜ ቀድሞ ቆመ። ነገር ግን በዚያው ቡድን ግፊት ከመጠን በላይ መውረድ፣ ራስን መሳትና የደም ማዕድናት መዛባት በዝቶ ታየ። ከባድ ድንገተኛ የኩላሊት ችግር በመቶ 4 ያህል ሆነ፤ በሌላው ቡድን 2.5 ነበር። አያችሁ? ያው አንድ ሕክምና ዕድሜም ሰጠ፣ ጉዳትም አመጣ። ተሳታፊዎቹ ባይኖሩ ሁለቱንም አናውቅም ነበር።

ኦልሃት ውስጥ ደግሞ ዶክሳዞሲን የሚባል አራተኛ መድኃኒት ነበር። ወሳጆቹ ላይ የልብ ድካም በእጥፍ ገደማ በዝቶ ስለታየ ያኛው ክፍል በ2000 እ.ኤ.አ. ሌላው ሳያልቅ ተቋረጠ። ይህን የሚወስነው መድኃኒቱን የሚያመርተው ድርጅት አይደለም። ውጤቱን በየጊዜው የሚያይ፣ ከጥናቱ ነጻ የሆነ የባለሙያዎች ቡድን አለ። «እንዲህ ዓይነት ቡድን አላችሁ ወይ?» ብላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ።

ሌላ በግልጽ ልንገራችሁ የሚገባኝ ነገር አለ። በጥናት ውስጥ የሐኪሙ ሚና ይቀየራል። እኔ ክሊኒክ ውስጥ ሳያችሁ ዓላማዬ እናንተ ናችሁ። በጥናት ውስጥ ግን ዓላማው አንድ ጥያቄን መመለስ ነው፤ የመድኃኒቱ ዓይነትና መጠን በተጻፈ ዕቅድ ይወሰናል። ክትትሉ ብዙ ጊዜ ከተለመደው ይበልጣል፣ ያ ጥሩ ነው። ግን «ለእኔ የሚሻለውን መርጠው ሰጡኝ» ብላችሁ አትግቡ። ዕጣ ነው።

ብትገቡ ምን ይጠብቃችኋል?

መጀመሪያ ማጣሪያ አለ። ግፊታችሁ ተደጋግሞ ይለካል፤ ደምና ሽንት ይመረመራል፤ የልብ ምርመራ ይደረጋል። አንዳንዴ በየ20 ወይም 30 ደቂቃው የሚለካ መሣሪያ ክንዳችሁ ላይ ታስሮ 24 ሰዓት ይዛችሁት ትውላላችሁ፣ ታድራላችሁ። እዚህ ላይ «መስፈርቱን አታሟሉም» ልትባሉ ትችላላችሁ፤ ይህ ንቀት አይደለም። ነፍሰ ጡሮች፣ በቅርቡ ስትሮክ ወይም የልብ ሕመም የገጠማቸው፣ ኩላሊታቸው የተጎዳ ሰዎች ከብዙ ጥናቶች የሚወጡት ለደኅንነታቸው ነው።

ከዚያ ዕጣ፣ መድኃኒት፣ ቀጠሮ፣ ልኬት፣ የኪኒን ቆጠራ። ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት። ሥራ እያስፈቀዳችሁ፣ በታክሲ ተሰልፋችሁ የምትሄዱት እናንተ ስለሆናችሁ «ስንት ቀጠሮ? የት?» ብላችሁ አስቀድማችሁ አስቡበት።

እባካችሁ ለጥናት ቡድኑ ምንም አትደብቁ። ሽፈራው ፈልታችሁ ትጠጣላችሁ? ነጭ ሽንኩርት በጠዋት ትውጣላችሁ? የመገጣጠሚያ ማስታገሻ ከፋርማሲ እየገዛችሁ ትወስዳላችሁ? (ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ግፊት ይጨምራሉ።) ተናገሩ። ጾምም እንደዚሁ ነው። ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾሙ ወይም ረመዳንን የምትይዙ ከሆነ መድኃኒቱ በስንት ሰዓት እንደሚወሰድ ከመጀመሪያው ተነጋገሩበት። መሀል ላይ ዝም ብሎ ከመዝለል ይሻላል።

ከመፈረማችሁ በፊት የምትጠይቋቸው ጥያቄዎች

ይህን ክፍል ስክሪንሹት አድርጋችሁ ያዙት፦

1. ጥናቱ ምንን ለማወቅ ነው? ስንተኛ ደረጃ ነው?
2. የትኛው የሥነ ምግባር ኮሚቴ አጸደቀው? በመድኃኒት ተቆጣጣሪው ተፈቅዷል?
3. ወጪውን የሚሸፍነው ማነው?
4. አሁን የምወስደው መድኃኒት ይቀጥላል ወይስ ይቆማል? ከቆመ ለስንት ቀን? ማን ይከታተለኛል?
5. ባዶ ኪኒን የመድረስ ዕድሌ ስንት ነው?
6. እስከ ዛሬ የታወቁት ጉዳቶች ምንድን ናቸው?
7. ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ራሴን ቢያዞረኝ ለማን ነው የምደውለው?
8. በጥናቱ ምክንያት ብጎዳ ማን ያሳክመኛል? ኢንሹራንስ ወይም ካሳ አለ?
9. ለምርመራና ለመድኃኒት የምከፍለው ነገር አለ? የትራንስፖርት ወጪዬስ?
10. የደም ናሙናዬና መረጃዬ የት ይቀመጣል? ማን ያየዋል?
11. መሀል ላይ ብወጣ መደበኛ ሕክምናዬ ይቀጥላል?
12. መድኃኒቱ ከጠቀመኝ፣ ጥናቱ ሲያልቅ አገኘዋለሁ?
13. ውጤቱ ሲታወቅ ይነገረኛል?

ሰነዱን ወደ ቤት ይዛችሁ ሂዱ፤ ከቤተሰብ ጋር ተነጋገሩበት፤ ከጥናቱ ውጭ ያለ ሐኪም አሳዩት። ማንበብ የማይችሉ ወላጅ ካሉ ጥናቱን የማይሠራ ገለልተኛ ምስክር ባለበት ሙሉ በሙሉ ሊነበብላቸውና ሊብራራላቸው ይገባል፤ ከዚያ ነው አውራ ጣት የሚያርፈው። ደግሞም ውሳኔው የእሳቸው ነው። እኛ ልጆች ስለወደድን እናታችን አይፈርሙም፤ እኛ ስለፈራን ደግሞ መብታቸውን አንነጥቃቸውም።

«ዶክተር፣ አንተ ካልክ እሺ» የምትሉም አላችሁ። አክብሮታችሁን አመሰግናለሁ፤ እንዲህ ያለ «እሺ» ግን ፈቃድ አይባልም። ሐኪማችሁን ላለማስቀየም ብላችሁ አትፈርሙ። «አይ፣ ይቅርብኝ» ብትሉ መደበኛ ሕክምናችሁ መጓደል የለበትም።

እነዚህን ካያችሁ ራቁ

• «ቶሎ ፈርሙ፣ ዛሬ ካልሆነ ቦታ የለም» የሚል።
• ለመሳተፍ ገንዘብ ክፈሉ የሚል። (ለትራንስፖርትና ለባከነ ጊዜ ለእናንተ መከፈሉ የተለመደ ነው፤ ግልባጩ አይደለም።)
• «ምንም ጉዳት የለውም፣ መቶ በመቶ ያድናል» የሚል። ይህን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ለምን ይሞክራል?
• የጽሑፍ ሰነድ የማይሰጥ፣ ወይም የሰነዱን ቅጂ የሚከለክል።
• በቴሌግራም ብቻ የሚገኝ፣ አድራሻውና ኃላፊው የማይታወቅ።

ጥናቱ እውነተኛ መሆኑን ለማረጋገጥ የመመዝገቢያ ቁጥሩን ጠይቁ። የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት የሚያስተዳድረው ክሊኒካል ትራያልስ ዶት ጎቭ የሚባል መዝገብ አለ፤ ማንም በነጻ ይፈልግበታል። ለአፍሪካ ደግሞ መቀመጫውን ደቡብ አፍሪካ ያደረገ የመላው አፍሪካ የክሊኒካል ትራያል መዝገብ አለ። ቁጥሩን ስልካችሁ ላይ ጻፉና ፈልጉ። መመዝገቡ ብቻውን ጥሩ ነው ለማለት አያበቃም፤ ጨርሶ አለመመዝገቡ ግን ትልቅ የጥያቄ ምልክት ነው።

ታዲያ ለማን ይመከራል?

በአጠቃላይ ስናገር፣ ግፊታችሁ በተለመደው መድኃኒት አልወርድ ካለ፣ ቀጠሮ ማክበር የምትችሉ ከሆነ፣ የቀረበላችሁ ጥናት ጥያቄዎቹን በትዕግሥት ከመለሰ፣ በቁም ነገር ልታስቡበት ይገባል። በየ3 ወይም በየ6 ወሩ በመርፌ የሚሰጥ ዚሌቤሲራን የተባለ መድኃኒት በሙከራ ላይ ነው። በየቀኑ ኪኒን መውሰድ ለሚሰለቻቸው ሰዎች ይጠቅም እንደሆነ የሚታወቀው ሰዎች ሲሳተፉ ብቻ ነው። በሌላ በኩል ግፊታችሁ በአንድ ኪኒን ጥሩ ሆኖ ከተያዘና ጥናቱ እሱን ማስቆም የሚፈልግ ከሆነ፣ «ምን አጠፋሁና?» ብላችሁ መጠየቃችሁ ትክክል ነው።

የመጨረሻ አደራ አለኝ። «ጥናት ልገባ ነው» ብሎ መድኃኒቱን በራሱ ያቆመ ሰው አደጋ ላይ ነው። ማቆም ካስፈለገ የሚያስቆማችሁ ሐኪም ነው፣ በቀጠሮና በልኬት። በተለይ ፕሮፕራኖሎል፣ አቴኖሎል ወይም ክሎኒዲን የምትወስዱ በድንገት ካቆማችሁ ግፊቱ ወይም የልብ ምቱ ተስፈንጥሮ ሊነሳ ይችላል።

በዓለም ላይ ከ1 ቢሊዮን በላይ ሰው ግፊት አለበት፤ ግማሽ ያህሉ አያውቀውም። ስለዚህ ጥናት ተጠየቃችሁም አልተጠየቃችሁም፣ በዚህ ሳምንት ተለኩ። ከመለካታችሁ በፊት 5 ደቂቃ አረፍ በሉ፣ እግራችሁን አታጣምሩ፣ ቁጥሩን ጽፋችሁ ያዙ።

ጥናት ላይ የተሳተፋችሁ ካላችሁ ልምዳችሁን ከታች ጻፉልን፤ ለሌላው ትምህርት ይሆናል። ወላጆቹ ግፊት ላለባቸው ጓደኛችሁም ላኩለት። ይህ ጽሑፍ ለጠቅላላ ዕውቀት ነው፤ የሚከታተላችሁን ሐኪም አይተካም።

ጤናችሁ ይብዛ፤ ሳምንት በሌላ ርዕስ እንገናኝ።